ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችው ቀይ ነጥብ

ዮሚፍን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሌባ ነው አልኩ። ሁለተኛ ባየሁት ቀንም ሌባ ነው አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሌባነቱን ላረጋግጥ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ግን ፀጉሬን መሠራቴን አይታ ፈገግ አለች።

ምን ላድርግ፣ መጠርጠር ሥራዬ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ካሳ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ቡልጋሪያ ሰፈር ያሉትን ጋራዦች እየዞርኩ የተጋጨ መኪና አያለሁ። «ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ገጩኝ» ያለኝ ሰው መኪናው ከፊት ለፊት ተጨረማምቶ ይጠብቀኛል። የተሰበረ መብራት ካየሁ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደርግበታለሁ፤ ያው መብራት ሌላ መኪና ላይ ተገጥሞ ዳግመኛ ካሳ እንዳይጠየቅበት። ጋራዡ አዲስ ዕቃ ሲቀይር ደግሞ አሮጌውን ለእኛ ይመልሳል። አሮጌው ካልተመለሰ፣ ተቀየረ የተባለው አልተቀየረም ማለት ነው። ለዚህ ብዬ ከቦርሳዬ ቀይ ጥፍር ቀለም አይጠፋም፤ ጥፍሬን ግን ቀብቼ አላውቅም።

ወንድ ስተዋወቅም ያው ነኝ። «ሰምሃል ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው እኮ የተጋጨ መኪና አይደለም» ትለኛለች እናቴ። እኔ ደግሞ ከመኪናው ይልቅ ሰው እንደሚብስ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሳልፈትሽ አምኜ አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው ሚስት ነበረው።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ ለልማት ልትነሳ ሰፈሩ ዕቃውን መሸከፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ስምንት ቤተሰብ በአንድ በር የምንገባበት ግቢ ነበረን። ለሁሉም ቤት ተሰጠ፤ ግን የእኛ በአንድ ዳር፣ የእትዬ ሸዋዬ በሌላ ዳር፣ የሌሎቹም እንደዚሁ ተበታትኖ ነው የደረሰን። ወር የማይሞላ ጊዜ ቀረን። ቆራሌዎች ከጠዋት እስከ ማታ በራችንን ያንኳኳሉ፤ አልጋ፣ ብረት ድስት፣ ቆርቆሮ፣ የተገኘውን ሁሉ ይገዛሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጆንያ ያልያዘና ጫማው ንጹሕ የሆነ ቆራሌ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ በክፍቱ መዝጊያ ወደ ሳሎናችን ያያል።

«እህት፣ ይቅርታ። ያ ቴሌቪዥን ከለር ነው አይደል?»

«ምን አገባህ?»

«ማለቴ… የእንጨት በር ያለው፣ ጃፓን ሥራ ነው። አይሸጥም?»

«ፍሪጁስ? ፍሪጁን አላየኸውም?»

«ፍሪጅ አልፈልግም። በቃ፣ ያረጀ ከለር ቴሌቪዥን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ነገሩ አልጣመኝም። የሚሠራ ፍሪጅ በርካሽ በሚገኝበት ሰፈር፣ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት የሞተ ቴሌቪዥን የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

መልሱን እትዬ ሸዋዬ ከጎረቤት ይዘውልኝ መጡ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀይ ሜርኩሪ ነው!» አሉኝ። «ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። በድሮ ቴሌቪዥን ውስጥ አለ። ጠብታዋ በሚሊዮን ነው የሚሸጠው። መስታወት ውስጥ አይታይም አሉ። ነጭ ሽንኩርት ሲያቀርቡለት ደግሞ ይሸሻል።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡና አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይዘው ተመለሱ። በሰውየው ፊት ቴሌቪዥኑን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ምንም አልሸሸም። ሰውየው ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ያምራል። ይህንንም እንደ ጥርጣሬ ያዝኩት።

ያ ቴሌቪዥን ታሪክ አለው። አባቴ አስገዶም በ1977 ዓ.ም ነው የገዛው፣ ከለር ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። ሁለት የእንጨት መዝጊያና ቁልፍ አለው። አባቴ ማታ በዜና ሰዓት ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሲከፍተው ግቢው በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ ሕፃናት መሬት ላይ፣ አዋቂዎች ወንበር ላይ፣ የመጨረሻ የመጣው በሩ ላይ። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ሰው ሁሉ ትንሽ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው። አባቴ «ጋዜጠኛው ዛሬም አልተሻለውም» ይል ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ጋዜጠኞች ሁሉ ሕመምተኞች ይመስሉኝ ነበር። በኋላ ቴሌቪዥኑ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ከዓመታት በኋላ አባቴም ሞተ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ መዝጊያውን ትወለውላለች፣ ዳንቴሉን ታጥባለች።

እናቴ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች።

«ትሠራዋለህ?» አለችው።

«ማዘር፣ እኔ እንኳ ልግዛው ነበር ያልኩት።»

«አይሸጥም። ትሠራዋለህ ወይ ነው ያልኩህ። ሳንበተን አንድ እሁድ ግቢው ሁሉ እንደ ድሮው ፊቱ ቁጭ እንዲል ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሱ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ፣ ወደ እናቴ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። «እሞክራለሁ» አለ።

«አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። የተቃጠለ ትንሽ ትንሽ ዕቃ ካለ ቀይር። ዓይኑን ግን እንዳትነካብኝ። አስገዶም የገዛው ዓይን ነው፤ እሱ ያየበት።» መስታወቱን በእጇ ዳበሰችው።

«እሺ ማዘር» አለ፤ እሺ ሲል ግን ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ይህንንም ያዝኩት።

ቴሌቪዥኑ በኪራይ ፒክአፕ ሲጫን እኔም አብሬ ተጫንኩ። «አታምኚኝም አይደል?» አለኝ መንገድ ላይ። «ማንንም አላምንም፤ አንተን ለይቼ አይደለም» አልኩት። «ይመችሽ» አለና ፈገግ አለ።

ሱቁ ቂርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ቴሌቪዥን ነው። መካከል ላይ አንዱ ብቻ በርቷል፤ ፊቱ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ያልቀረው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የዮሚፍ አባት ጋሽ ነጋሳ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረው አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ያ የበራው ቴሌቪዥን እንደ እኛው ጃፓን ሥራ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ያደሱት የመጨረሻው ነው። አይሸጥም፣ አይከራይም።

ዮሚፍ የእኛን ጀርባ ከፈተ። አቧራው ሲገርም! ከዚያ አንድ ዕቃ ሊገዛ ወጣ አለ። ጋሽ ነጋሳ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ቦርሳዬን ከፈትኩና ትልቁ የመስታወት ቱቦ አንገት አጠገብ፣ እናቴ ዓይኑ የምትለው ነገር ጀርባ ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ሲመለስ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑን ልጠብቅ ነው የምሄደው፤ ለእናቴም ለራሴም የምለው ይህንኑ ነበር።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ሰው ሲሠራ ግራ እጁ ሁሌም ኪሱ ውስጥ ናት። በቀኙ ካቻቢቴ ይይዛል፣ በቀኙ ይበይዳል፣ ግራው አትወጣም። ምን ደብቆባት ነው? ከቴሌቪዥኑ የሚያወጣውን ነገር ወደዚያው እየከተተ ይሆን? በሁለተኛው ቅዳሜ አላስቻለኝም።

«ኪስህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«ግራ ኪስህን። ገልብጥልኝ።»

ሳይቆጣ ገለበጠው። የሱቅ ቁልፍና አንድ ማስቲካ። ማስቲካውን ለእኔ ሰጠኝ።

«ታዲያ እጅህን ለምን ትደብቃታለህ?»

«ፋዘር ነው ያስተማረኝ። ይሄ ነገር ከተዘጋ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። በሁለት እጅ ከነካሽው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መንገዱ ደግሞ በልብ በኩል ነው። በአንድ እጅ ከሆነ ግን አስደንግጦ ይተውሻል።»

ጋሽ ነጋሳ ፊታቸውን ሳያዞሩ «እኔ አንዴ በሁለት እጄ ነክቼ አንድ ሳምንት ተኝቻለሁ» አሉ።

ማስቲካውን ማኘክ ጀመርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን እጅ ከኪሱ ስትወጣ ማየት እፈልግ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

«ይህን ሁሉ አድሰህ ግን ለማን ነው?» አልኩት ያን ቀን ልሄድ ስል።

«አንዳንዱን ፊልም የሚሠሩ ልጆች ይከራዩታል። ወሎ ሰፈር ያለ ካፌም ሁለት ወስዷል። የቀረው በቃ፣ እዚሁ ነው።»

«ምን ይጠቅምሃል?»

«ሞቷል የተባለ ነገር ሲበራ ደስ ይለኛል።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ደስ ይለኛል የሚል ማስረጃ ያቀረበልኝ ሰው የለም። ፋይሉ ውስጥ የት እንደማስገባው ጨነቀኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን አበራው። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር መጣ። «መስታወት ያዢልኝ» አለኝ። ልቤ ድንግጥ አለ፤ የእትዬ ሸዋዬ ሜርኩሪ መስታወት ውስጥ አይታይም ነበር የተባለው! እሱ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መስታወት አውርዶ ሰጠኝና በስክሪኑ ፊት አቆመኝ። እሱ ከጀርባ ሆኖ ሲያስተካክል፣ ከፊት ያለውን ምስል የሚያየው በመስታወቱ ነው።

«ከፍ አድርጊው። ትንሽ ወደ ግራ። እሱ ነው፣ እንደዚያ።»

መስታወቱን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። እሱ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ቆየ። ዓይኔን ሳነሳ ዓይኑ መስታወቱ ላይ አልነበረም፤ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ ነበር።

«ምስሉን እያየህ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

«መስታወቱ እኮ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።»

ጆሮው ቀላ። እኔም ፊቴ ጋለ። ጋሽ ነጋሳ ሳል ሳል አላቸው። የሆነውን አልክድም፤ በዚያች ደቂቃ ያ ሰው ሌባ ቢሆን እንኳ ቅር የሚለኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ግን ወደ መስታወቱ ተመለሰ፤ ደብዛዛውን ምስል ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አንድ ቁልፍ አዞረ፣ ሌላም አዞረ። ምስሉ ከነበረበት አልተነሳም። ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

«ምን ተበላሸ?»

«ይስተካከላል አልኩሽ እኮ።»

እንዲህ ሲል ያልተለመደ ነገር ነበረው፤ አላየኝም። ጋራዥ ውስጥ ሰው ሳያየኝ ሲመልስልኝ ብዕሬን አወጣለሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ስደርስ ቴሌቪዥናችን ተዘግቶ፣ ተወልውሎ፣ እንጨቱ አብረቅርቆ ጠበቀኝ። መስታወቱ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። የጋሽ ነጋሳ ቴሌቪዥን ብርድ ልብስ ለብሷል፤ እሳቸው ሬዲዮ እያዳመጡ ነው።

«ምን ሆነ፣ ጋሽ ነጋሳ?»

«አረፈ» አሉኝ በአጭሩ።

«የእኛን ጀርባውን ክፈትልኝ» አልኩት ዮሚፍን።

«ሰምሃል፣ አልቋል። ነገ አመጣዋለሁ። እዚያው ታዪዋለሽ።»

አልከፈተልኝም።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ሰው ሁሉ ሳሎናችን ገባ። ግማሹ ወንበር ተሸጧል፤ ሰው በታሰረ ፍራሽና በካርቶን ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሸዋዬ ቆሎ አመጡ፣ እናቴ ሻይ አዞረች። ዮሚፍ የዲሹን ሪሲቨር በአሮጌ የቪዲዮ ማጫወቻ በኩል አሳልፎ አገናኘው። እናቴ የአባቴን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈታችና ሁለቱን መዝጊያዎች ከፈተች።

በራ።

ስክሪኑ ላይ የሚጨፍሩ ልጆች ነበሩ። የቀሚሳቸው ቀይ ቀይ ነበር። ፊታቸው የሰው ፊት ነበር። እትዬ ሸዋዬ እልል አሉ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ድሮ መሬት ላይ ይቀመጡ የነበሩት ልጆች፣ አሁን ፂም ያወጡት፣ ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ። እናቴ አላጨበጨበችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች፣ ከዚያ አለቀሰች።

እኔም እንደ ሰው ማልቀስ ስችል ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ስልኬን አወጣሁና በጀርባ ዞርኩ። በጀርባው ክፍተት በኩል መብራት አበራሁ። ቱቦው አለ። አንገቱ አለ። ነጥቤ የለችም።

ዮሚፍን በዓይኔ ጠርቼ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይዤው ወጣሁ።

«ቱቦው የእኛ አይደለም።»

የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጠበቀው።

«ምልክት አድርጌበት ነበር። ቀይ ነጥብ። የለችም።»

«አውቃለሁ። አይቻታለሁ።»

«አይተሃታል? እና?»

በመስኮቱ ወደ እናቴ ተመለከተ። «እዚህ አላወራም። ማዘር ይሰማሉ።»

«ትስማ! የእኛን የት አደረስከው? ለማን ሸጥከው?»

ይህን ስናገር ድምፄ ተሰማኝ፤ የጋራዥ ድምፄ ነበር። እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው ምልክት ያደረግሽው?»

«በመጀመሪያው ቅዳሜ።»

«መስታወቱን ስትይዢልኝም ነበረቻ።»

«ነበረች።»

ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ግቢ ውስጥ የሚነካ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ግራ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ገብታ ነበር። «ለማዘር መልካም በዓል በይልኝ» ብሎ ወጣ። በዓል አልነበረም፤ የሚለው ጠፍቶት ነው።

ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም፤ ሌባ ሁሌም ማብራሪያ አለው። ሦስተኛ አልደወለም፤ እኔም በሦስተኛው ላነሳ ወስኜ ነበር።

ግቢያችን ፈረሰ። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። ቴሌቪዥኑን አራት ወጣቶች እየተራገሙ አወጡት። አዲሱ ቤት ጸጥ ያለ ነው፤ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ ብቻዋን ዜና ታያለች።

«ጋዜጠኛው ተሻለው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አባትሽ ይህን ሳያይ ሄደ። የእኛ ቴሌቪዥን እኮ ሰውን ሁሉ አረንጓዴ ነበር የሚያደርገው። ረሳሽው?»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ዓይኑ የእኛ አይደለም፣ ሰምሃል። የሌላ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በሩን የከፈትኩት ለት።»

«እና ዝም አልሽ? ሌባ መሆኑን እያወቅሽ?»

እናቴ እንደ ሕፃን አየችኝ። «ሲሰርቁኝ እጮሃለሁ። ሲሰጡኝ ምን ብዬ ልጩህ? የእኛው ሞቶ ነበር። አትንካው ስላልኩት ጨነቀው፤ ደብቆ ሰጠኝ። እኔም ደብቄ ተቀበልኩ። አንቺ በጥበብሽ የደረስሽበት መስሎኝ ነበር።»

ተቀመጥኩ። በሰባት ዓመት ሥራዬ ስንቱን አጭበርባሪ አይቻለሁ፤ የሞተ ዕቃ አውጥቶ የሚሠራ የሚያስገባ ሌባ ግን አንድም አላየሁም። ጋሽ ነጋሳ «አረፈ» ያሉት ትዝ አለኝ። ያ ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ። ፊቴ በኀፍረት ነደደ።

በማግስቱ ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ቂርቆስ ሄድኩ። ዮሚፍ አልነበረም። ጋሽ ነጋሳ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ… ሰምሃል።»

«መርማሪዋ! ግቢ፣ ግቢ።»

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። የሳቸው ቴሌቪዥን ፊቱ ባዶ ነው፤ በዚህ በኩል ስታይ በወዲያ ግድግዳው ይታያል። ከሥሩ በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ቱቦ አለ። ጀርባው ላይ ቀይ ነጥብ አለች። የእኔው ነጥብ።

«የእናንተው አልቆለት ነበር» አሉ ጋሽ ነጋሳ። «የእኔና የእናንተ በአንድ ዘመን የመጡ ናቸው፤ እዚህ ካሉት የሚገጥመው የእኔ ብቻ ነው። ‹ፋዘር ምን ላድርግ፣ ቃል ገብቻለሁ› አለኝ። ‹አውጣው› አልኩት። እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ የማየው ጥላና የቀለም ብዥታ ነው።» እጃቸውን ሰድደው ባዶውን ፊት ዳበሱ። «ቢሆንም ይናፍቀኛል፤ አልዋሽሽም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሌባ አልኩት።»

«ነግሮኛል። ነጥብሽን ያያት ለት ምን ያህል ሳቀ መሰለሽ። ‹ፋዘር፣ ይህቺ ልጅ አሽጋናለች› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹አንተም ቀለም ግዛና አዲሱ ላይ ነጥቧን አድርግበት፣ ነገር ይቅር› ብለው፣ ‹ያን ጊዜ እውነትም ሌባ እሆናለሁ› አለኝ።»

እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ጋሽ ነጋሳ ስለማያዩኝ አላፈርኩም፤ ወዲያው ግን መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«እኔ እንደመጣሁ አይንገሩት» አልኳቸው። ባዶ እጄን መታየት አልፈለግሁም።

ያንኑ የመሰለ ቴሌቪዥን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ቡልጋሪያን አመስኩት። በየጋራዡ ስገባ መኪናውን በአንድ ዓይን፣ ጥጋጥጉን በሌላው ነው የማየው። በመጨረሻ አንድ ጎሚስታ ውስጥ አገኘሁት፤ የእንጨት በር ያለው፣ ጃፓን ሥራ፣ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮበት ጠረጴዛ ሆኗል። ባለቤቱ ታዲዎስ የሚባል ሰው ነው።

«ይህን ትሸጥልኛለህ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ምን ሊሠራልሽ?»

«ከለር ቴሌቪዥን እየፈለግሁ ነው። ያረጀ።»

«ቀይ ሜርኩሪ ነው አይደል?» አለና ወደ ውስጥ ተጣራ። «እስቲ ነጭ ሽንኩርት አምጡልኝ!»

ቆሜ ጠበቅሁት። ቴሌቪዥኑን በነጭ ሽንኩርት ሲዞረው አልሳቅሁም። ያ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በኪራይ ፒክአፕ ይዤው ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ዮሚፍ ወጣ። ከስቷል። እኔን አየ፣ ዕቃውን አየ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ጀርባውን ክፈተውና ፈትሸው። በቃሌ አትመነኝ።»

«እኔ እኮ አምናለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ያቺ ቃል ከስድብ የበለጠ አመመችኝ።

«ዮሚፍ፣ ይቅርታ። ስልክህን ማንሳት ነበረብኝ። መጠየቅ ነበረብኝ። የማምነው ሰው ሳገኝ ደንግጬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ፒክአፑ ሄደ። ቴሌቪዥኑን ከሹፌሩ ጋር ተሸክመው አስገቡት። ቱቦውን አውጥቶ በጋሽ ነጋሳ ቴሌቪዥን ላይ እስኪገጥም ከሰዓት በኋላ ሆነ። ምሳ አልበላንም። ሲያበራው መስታወቱን ማንም ሳያዘኝ ከግድግዳው አወረድሁና በፊቱ ቆምኩ።

ድምፁ መጣ። ጨለማው ግራጫ ሆነ። ከዚያ ቀለም መጣ። ጋሽ ነጋሳ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑ ጋ ደረሰ።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው? ቀሚስ ነው?»

«ቀሚስ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«አየሁት» አሉ። «አየሁት እኮ!»

መስታወቱን ዝቅ አደረግኩት። ዮሚፍ ከጀርባ ሆኖ ያየኛል፤ በዚህ ጊዜ ጆሮው አልቀላም። ዞሬ ሄድኩና ግራ እጁን ከኪሱ አወጣኋት። ሞቃለች። ከቦርሳዬ ቀይዋን ጥፍር ቀለም አውጥቼ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አንዲት ነጥብ አደረግኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምልክት። እንዳትለወጥብኝ።»

ጥፍሩን እፍ እፍ አለና ሁለቱን እጆቼን በሁለት እጁ ያዘ። ፋዘሩ ያስተማረውን ሁሉ ረሳ።

«ብለወጥስ?» አለ።

«አሮጌው ይመለሳል» አልኩት።